ናፍቆትን መሸጥ፣ ሥራውን መቅበር

የናፍቆት ነገር ሲነሣ ብዙ ሃያስያን ፊታቸውን ያዞራሉ። ያለፈን ዘመን መናፈቅ የደካማ ሰው ጠባይ፣ ከዛሬው ኑሮ መሸሻ ዋሻ፣ ከኪነ ጥበብ ይልቅ የልብ ስስነት ጉዳይ ተደርጎ ይቈጠራል። የሚናፈቀው መጽሐፍ ወይም ዜማ ሲሆን እንኳ ይህ ንቀት አይቀርም፤ የሚናፈቀው የልጅነት ቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ንቀቱ ወደ ሳቅ ይለወጣል። ልጆች ያሳደገ፣ ግብር የሚከፍል የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ፣ በዐሥር ዓመቱ የተጫወተውን ጨዋታ ዜማ ሰምቶ ዐይኑ እንባ ሲያቀር የሚያይ ሁሉ «ወይ አለማደግ!» ብሎ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሳቅ መሞገት ነው። ሆኖም ሙግቱ ከሳቂዎቹ ጋር ብቻ አይደለም። ከሳቂዎቹ የበለጠ ብልጥ የሆነ ሌላ ወገን አለ። ይህ ወገን ናፍቆትን ከቶ አይንቅም፤ ዋጋውን ጠንቅቆ ያውቃልና በየጊዜው በአዲስ ማሸጊያ እየጠቀለለ ይሸጠዋል። ናፍቆቱን የወለደውን ሥራ ግን ከገበያም ከቤተ መጻሕፍትም አርቆ በዝምታ እንዲሞት ይተወዋል። የመጀመሪያው ወገን ሥራውን ከጥበብ ቍጥር አያስገባውም፤ ሁለተኛው ወገን ከሸቀጥ ቍጥር አያወጣውም። በሁለቱ መካከል ሥራው ጠባቂ ያጣል።

ሳቁ በተለይ ከእኛ አንደበት ሲወጣ አያምርም። ከታወቁት አራት ቅኝቶቻችን አንዱን «ትዝታ» ብለን የሰየምን ሕዝብ ነን። ትዝታን ያለፈውን መመርመሪያና ያለውን መመዘኛ አድርገን ስናዜምበት የኖርን ሰዎች፣ የሌላ አገር ሰው በልጅነቱ የነካውን ጥበብ ሲያስታውስ ብናይ «ለምን ታስታውሳለህ?» ብለን ልንሣለቅበት አይገባም። ተገቢው ጥያቄ «የምታስታውሰው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሥራ እንያዝ። ምሳሌያችን በጃፓን አገር የተሠራው «ድራገን ክዌስት» የተሰኘው ጨዋታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሥራው ምን ነበር?

ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ ይህን ጨዋታ በ1986 ሲያወጣ፣ «ፋሚኮም» በሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ በአመዛኙ ነግሦ የነበረው ሩጫና ዝላይ፣ ተኩስና ግጭት ነበር። «ድራገን ክዌስት» ያመጣው ሌላ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት የሚና ጨዋታ ይባላል። ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ ይነሣል፤ በሰፊ ዓለም ይዞራል፤ ከየመንደሩ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ይዋጋል፣ ይሸነፋል፣ ይማራል፤ በልምዱም መጠን ይበረታል። ፈለጉ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1981 የወጡት «አልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ፣ እነርሱ ግን የተሠሩት ኮምፒዩተር ለነበራቸው ጥቂት ሰዎች ነበር። የጃፓኑ ሥራ ዋና ብልኀት ያንን ውስብስብ ዓለም ማንም ሕፃን በየቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሊገባበት እንዲችል ማድረጉ ነው።

የሠሩትን ሰዎች ማንነት መመልከት ይጠቅማል። ታሪኩንና አወቃቀሩን ያሰናዳው በመጽሔት ጽሑፍ የታወቀው ዩጂ ሆሪ ነው። ጭራቆቹንና ጀግናውን የሣለው ከ1984 ጀምሮ «ድራገን ቦል» በተሰኘው ሥዕላዊ ታሪክ ስሙ የገነነው አኪራ ቶሪያማ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው በቴሌቪዥንና በዘፈን ዓለም ብዙ የሠራው፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 55 የደረሰው ኮይቺ ሱጊያማ ነው። የፕሮግራሙን ሥራ የመራው ወጣቱ ኮይቺ ናካሙራ ነው። እንግዲህ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ የሙዚቃ ደራሲና የእጅ ባለሙያ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኙ። ይህን ዓይነቱን መገናኘት በቲያትር ቤት ስናየው ጥበብ እንለዋለን፤ በመጫወቻ ካሴት ውስጥ ስናየው ስሙን የምንነፍግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ቅርጹንም እንመርምር። ሥራው በሙሉ የሰፈረው በ64 ኪሎባይት ውስጥ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከቦታው ጥበት የተነሣ ሆሪ ካታካና ከሚባለው የጃፓን ፊደል 20 ሆሄያት ብቻ መርጦ፣ በዚያ ፊደል የሚጻፈውን የጭራቅና የአገር፣ የአስማትና የመሣሪያ ስም ሁሉ በእነዚያ ብቻ ሊያወጣ ተገደደ። ጀግናው ወደ ጎንም ይሂድ ወደ ላይ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ነው፤ ጎኑንና ጀርባውን የሚያሳይ ሥዕል ማኖሪያ አልነበረምና። ማጫወቻው በአንድ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ድምፅ በጣት የሚቈጠር ሆኖ ሳለ፣ ሱጊያማ በእነዚያ ጥቂት ድምፆች የንጉሥ አደባባይን ግርማና የዋሻን ፍርሃት አሰማበት። ዜማው በ1987 በቶኪዮ በኦርኬስትራ ሲቀርብ ምንም አልጎደለበትም። የሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ጠባብ ቅርጽ ለባለሙያው የአሳብ ማጥበቂያ ነው።

ጥበቡ በይዘቱም ይታያል። ተጫዋቹ ከንጉሡ ቤት ወጥቶ ገና ጉዞውን ሲጀምር የጠላቱን ግንብ ከውሃው ማዶ ያየዋል። ቅርብ ነው፤ መንገድ ግን የለውም። ለዐይን ቅርብ ወደ ሆነው ወደዚያ ስፍራ ለመድረስ ዓለሙን ሁሉ መዞር ግድ ይሆንበታል። በውጊያ ሲወድቅ ግማሽ ወርቁን አጥቶ ንጉሡ ፊት ይቀርባል። በመጨረሻ ከዘንዶዎቹ ንጉሥ ጋር ሲገናኝ ጠላቱ ወዲያው አይወጋውም፤ የዓለሙን እኩሌታ ልስጥህና ተባበረኝ ይለዋል። እሺ ያለ ተጫዋች ጉዞው በጨለማ ያበቃል። እምቢ ብሎ ድል ያደረገ ደግሞ ዙፋን ሲቀርብለት አልፈልግም ይላል፤ የራሱን ምድር ፍለጋ ይሄዳል። የዐሥር ዓመት ልጅ ስለ ሥልጣንና ስለ መደለያ ማንም ሳይሰብክለት በገዛ ጣቱ መልስ እንዲሰጥ የተደረገበት ትምህርት ነው። ተመልካች ሆኖ የተዋናዩን ምርጫ አላየም፤ መራጩ ራሱ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጥበብ ልዩ ጠባይም ይኸው ነው።

የሚናፈቀው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ናፍቆቱ እንመለስ። ሳቂዎቹ የሚናፈቀው የሥዕሉ ወይም የዘመኑ ቀላልነት ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የሚናፈቀው አብዛኛውን ጊዜ ድካሙ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው ካሴት ውስጥ ጉዞን የሚመዘግብ ማኅደር አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ጨዋታውን ለማቋረጥ ሲፈልግ ንጉሡ 20 ሆሄያት ያሉት «የትንሣኤ ድግምት» ይሰጠዋል። ልጁ ድግምቱን በወረቀት ይገለብጣል፤ በማግሥቱ ያንኑ መልሶ በመጻፍ ካቆመበት ይቀጥላል። በ1987 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ሆሄያቱ እስከ 52 ደረሱ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ በአንዲት ነጥብ ወይም በአንዲት ክብ ብቻ የሚለያዩ የጃፓን ፊደላትን መለየት፣ በደበዘዘ ጽሑፍ ላይ የእኛን «ተ» ከ«ቱ» እንደ መለየት ነው። አንዲት ሆሄ የተሳሳተ እንደሆነ የሳምንት ድካም ከንቱ ይቀራል። የዚያ ትውልድ ልጆች እየጻፉ፣ እያረሙ፣ ሁለት ጊዜ እያነጻጸሩ ተጫወቱ። የዋሻውን መንገድ በወረቀት ነደፉ፤ ያላወቁትን በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ጓደኛ ጠየቁ። እንግዲህ የሚናፈቀው ይህ ትዕግሥትና ይህ መጠያየቅ ነው።

ናፍቆቱ የአንድ ብቸኛ ሰው የግል ስሜት አለመሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። በ1988 በፌብሩዋሪ ወር፣ ረቡዕ ቀን፣ ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ በቶኪዮ መደብሮች ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ተሠራ፤ ከትምህርት ገበታ የቀሩ ተማሪዎችም ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በሥራ ቀን እንዳይሸጥ በጃፓን ሕግ ወጣ የሚለው በሰፊው የተነዛ ወሬ ሐሰት ነው፤ የሽያጩን ቀን ወደ ዕረፍት ቀን የወሰደው ኩባንያው ራሱ ነው። ይህ ሦስተኛ ክፍል በፍጻሜው ላይ ተጫዋቹን ያስደነግጠዋል። ታሪኩ ከቀደሙት በፊት የተፈጸመ መሆኑና ተጫዋቹ ራሱ በመጀመሪያው ክፍል እንደ ጥንት አባት ይወሳ የነበረው ጀግና መሆኑ የሚገለጸው ያኔ ነው። በአንድ ወቅት ብዙ ሺህ ልጆች ይህን ምሥጢር ደረሱበት። እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ትውልድ የጋራ ትዝታ ነው፤ የጋራ ትዝታ ደግሞ በሌላ ስሙ ባህል ይባላል።

የሻጩ ብልኀት

ይህን ሻጩ ከሃያሲው ቀድሞ ተረድቷል። ኤኒክስ በ2003 ከስኩዌር ጋር ተዋሕዶ ስኩዌር ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ፣ ሦስተኛውን ክፍል በ2024፣ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን በአንድነት በ2025 እንደ አዲስ ሠርቶ አወጣ። ሱጊያማ በ2021፣ ቶሪያማ በ2024 መጀመሪያ ላይ ዐርፈው ነበርና፣ ብዙዎች አዲሱን ሥራ የገዙት በሐዘንም ጭምር ነው። ሥዕሉ ደምቋል፤ ሙዚቃው በኦርኬስትራ ነው፤ ጉዞው ራሱን በራሱ ይመዘግባል፤ የሚኬድበትን የሚጠቁም ምልክት አለ፤ ከፈለጉም ጀግናው ፈጽሞ የማይሞትበት የማቅለያ ደረጃ ተበጅቷል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ሥራን እንደ አዲስ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ለድካም ጊዜ የሌለው ሠራተኛና አሮጌውን አይቶ የማያውቅ ወጣት በአዲሱ በር ሊገቡ ይችላሉ፤ ቢገቡም መልካም ነው። በአዲሱ ላይ የደከሙት ባለሙያዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ክርክራችን አዲሱ የአሮጌውን ስም፣ ቦታና ክብር ጠቅልሎ ወስዶ፣ አሮጌው የትም እንዳይገኝ ሲደረግ በሚደርሰው ጉዳት ላይ ነው። በጥንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ በላዩ የዘመኑ ደማቅ ቀለም ሲለቀለቅበት ምእመኑ ደስ ይለው ይሆናል፤ የጥንቱ ሠዓሊ እጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታይም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር እንደሚቻል ኩባንያው ራሱ አሳይቷል። በ2011 የ25ኛ ዓመቱን በዓል ሲያከብር፣ «ዊ» በተባለው ማጫወቻ ላይ የሦስቱን ክፍሎች የፋሚኮም ቅጂና በኋላ የተሻሻለውን ቅጂ በአንድ ዲስክ አቅርቦ ነበር። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ለበዓል ተብሎ በጃፓን ብቻ የተሸጠ ዲስክ ነበር፤ ማጫወቻውም ዛሬ ከምርት ወጥቷል። የአንድ ሥራ ሕይወት በሻጩ የበዓል አቈጣጠር ላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል ዋስትና እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ችግሩ የአንድ ጨዋታ ወይም የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች መካከል 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። በዚያው ዓመት በማርች ወር ኒንቴንዶ የሁለት ማጫወቻዎቹን የኤሌክትሮኒክ መደብር ሲዘጋ፣ በእነዚያ መደብሮች ብቻ ይሸጡ የነበሩ ሥራዎች አዲስ ገዢ ሊደርስባቸው የማይችል ሆኑ። መጽሐፍ ከገበያ ቢጠፋ በአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መደርደሪያ የሌለው ሥራ ግን የሚቀርበት ስፍራ የለውም።

ለሚሰነዘሩ መከራከሪያዎች መልስ

«ዋናውን የፈለገ አሮጌውን ካሴት ገዝቶ ይጫወት» የሚሉ አሉ። ካሴቱ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ድግምቱ ቀርቶ ጉዞው የሚመዘገበው በካሴቱ ውስጥ ባለች ትንሽ ክብ ባትሪ ኀይል ነው። ባትሪዋ ዕድሜዋን ስትጨርስ መዝገቡ ይጠፋል። የፋሚኮም ምርት በ2003 ቆሟል። የተረፉት ማጫወቻዎች በየዓመቱ እየተበላሹ፣ ዋጋቸውም ወደ ሰብሳቢዎች እጅ እየሸሸ ነው። የሕዝብ ትዝታ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ደግነት ሊጠበቅ አይችልም።

«ንብረቱ የኩባንያው ነው፤ ያሻውን ያድርግ» የሚሉም አሉ። ባለ መብቱ ከሥራው እንዲጠቀም ማንም አይከለክለውም። ይሁን እንጂ ከሥራ የመጠቀም መብትና ሥራን የማጥፋት መብት አንድ አይደሉም። መጽሐፉን ዳግመኛ የማያሳትም አሳታሚ፣ በቤተ መጻሕፍት ያለውን ቅጂ አንባቢ እንዳይነካው ቢል ማን ይሰማዋል? በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ግን ይህን የሚመስል ነገር ተሰምቷል። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን ተመራማሪዎች ከሩቅ ሆነው እንዲያዩአቸው ለመፍቀድ ያቀረቡት ጥያቄ በ2024 በኦክቶበር ወር ውድቅ ተደርጓል። ከተቃዋሚዎቹ ስጋት አንዱ ሥራዎቹ ለመዝናኛ ሊውሉ ይችላሉ የሚል ነበር። ልብ ወለድ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው አንባቢ ለመዝናናት አይደለምን? ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ብቻ እንዲቈለፍ የሚፈረድበት ጥበብ ከዚህ በቀር የለም።

«አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል» ለሚሉትም መልስ አለን። ይሻል ይሆናል። የግዕዙ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተተረጐመ ተብሎ ግን ብራናው አይቃጠልም። ደግሞስ አዲሱ መሻሉን የሚያመዛዝነው ማን ነው? ዋናው ከሌለ ምስክርም ዳኛም ሻጩ ራሱ ይሆናል።

«የጃፓን ልጆች መጫወቻ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2021 በቶኪዮ በተከፈተው ኦሊምፒክ የአገሮች ስፖርተኞች ወደ ስታዲየም ሲገቡ የተሰማው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታዎች ሙዚቃ ነበር፤ ሰልፉን የከፈተውም የ«ድራገን ክዌስት» መግቢያ ዜማ ነው። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማም በዚያው ሰልፍ አልፏል። አስተናጋጁ አገር ለዓለም ሕዝብ ሊያሰማ የመረጠውን ሙዚቃ መጫወቻ ነው ብሎ መናቅ ያስቸግራል።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለን። መገልበጥ የመጠበቅ ሥራ መሆኑን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። አንዱ ብራና በእሳት ሲጠፋ ሌላው በሌላ ደብር የተረፈው ቁም ጸሐፊው ስለገለበጠው ነው። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቈጠሩ መጻሕፍትን የቀረጸው በዚሁ አሳብ ነው። ቁም ጸሐፊን ሌባ ያለው የለም። እንግዲያውስ ከገበያ የወጣን ጨዋታ የጥንቱን ማጫወቻ ጠባይ በሚያስመስል ፕሮግራም ለመጠበቅ የሚደክመውን ቤተ መጻሕፍት በምን ሕሊና ወንጀለኛ እንለዋለን?

ምን ይደረግ?

በጃፓን ጅምሩ አለ። በኪዮቶ የሪትሱሜይካን ዩኒቨርሲቲ ከ1998 ጀምሮ ጨዋታዎችን እየሰበሰበ ያጠናል። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከ2000 ወዲህ በዲስክና በመሳሰለው ታሽገው የሚሸጡ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎችን፣ ጨዋታዎችን ጨምሮ፣ እንደ መጽሐፍ ይቀበላል። ሆኖም የ1986ቱ ካሴት ከዚህ ግዴታ በፊት የወጣ ነው። የሚናፈቀው ዘመን በሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ናፋቂዎቹ ናፍቆታቸውን ወደ ጥያቄ ይለውጡት። አንደኛ፣ እንደ አዲስ የሚሠራ ማንኛውም ጨዋታ ሲወጣ ዋናው ሥራ ሳይነካ ከጎኑ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ከገበያ የወጣ ሥራ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪ ያለ ቍልፍ ይከፈት። ሦስተኛ፣ የንድፍ ወረቀቱ፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍና የሙዚቃው ኖታ ከኩባንያ ሣጥን ወጥተው በሕዝብ ቤተ መዛግብት አደራ ይቀመጡ። ይህን ለመጠየቅ የሚያበቃ ኀይል በገዢው እጅ አለ፤ ናፍቆቱን በገንዘቡ ሲገዛ የኖረው እርሱ ነውና።

ሃያስያንም የድርሻቸውን ይወጡ። ይህ ጥበብ ታሪኩ፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና የተጫዋቹ ምርጫ በአንድነት የሚመረመሩበት ሂስ ያስፈልገዋል። ያለ ሂስ የቀረ ጥበብ ዋጋው በሻጭ ብቻ ይተመናል። በ1986 የዐሥር ዓመት ልጆች የነበሩት ዛሬ ሃምሳውን እየተሻገሩ ናቸው። ያንን 20 ሆሄ በጥንቃቄ በወረቀት የገለበጠ እጅ ሥራው እንዴት እንደ ነበር ሊመሰክር የሚችለው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው። ምስክሮቹ ሳያልፉ ሥራው ራሱ፣ እንደ ተሠራ፣ ከነጥበቱና ከነድካሙ ይጠበቅ።